የእንጨቷ ኳስ

በቆርቆሮው በር ላይ በኖራ የተጻፈ፣
ግማሹን ፊደሉን ዝናብ የገፈፈ፣
ማስታወቂያ አየሁ፦
«አዲስ ሰው እንቀበላለን፤ ቅዳሜ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፤
ታኮ ጫማ ክልክል ነው።» ይኸው ነው፤ የለውም ሌላ።

እኔ ለኮምቦልቻ የሦስት ወር እንግዳ፣
የደሴን ካፖርት የለበስኩ በቆላው ሜዳ፣
ሰው ሳልለምድ የኖርኩ፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ኪራይ ቤት፣
ያን ቀን በሩን ገፋሁ፤ እንጃ ምን እንደሆን የገፋኝ ጉልበት።

ረጅም መደብ ነው፤ ዳር ዳሩ በጣውላ የተከበበ፣
ቀይ አፈር ተነፍቶ፣ ረጥቦ፣ በበርሜል ተዳምጦ የለዘበ።
ሣሩስ? «ነበረ» አሉኝ፣ «ፍየል ጨረሰው»፤
ጋሽ እብሬ ናቸው፣ እጄን ይዘው ያስገቡኝ እንደ ቤት ሰው።
በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ሠላሳ ዓመት በሽመና ክፍል፤
ጆሯቸው ግማሹ እዚያ ቀርቷል፣ ድምፃቸው ይጮኻል እንደ ደወል።

«ስሙ» አሉን። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለባጃጁ ጓንጉል፣
ጦይባም ታኮዋን አውልቃ፣ በካልሲ ቆማ፣ ሳቋን ልታፍን ስትታገል።

«ቦቼ ይባላል። ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁ፤
ያመጡት ሰዎች ሄዱ፤ እሱ ለምዶ ቀረ፤ ይህን ብቻ እወቁ።
ይቺ ነጭ ትንሽዬ ሙሽራ ናት፤ ቀድማ ትሄዳለች፤
የቆመችበት ቤቷ ነው፤ ማንንም አትለምንም፣ ትጠብቃለች።
እኛ ሚዜ ነን። ሥራችን መቅረብ ነው፤ መምታት አይደለም፤
የሮጠ ጣውላው ጋ ይቀራል፤ መልስ የለም።
ጉልበት ለጆንያ ነው!
ጎንበስ በሉ፤ እጃችሁን ቀስ አርጋችሁ ስደዱ፣
ልክ የተኛች ድመት ከጭናችሁ እንደምታወርዱ።»

ጓንጉል ወረወረ፤ እንደ ባጃጁ፣ ፍሬን የለው፣
ጣውላውን ዘሎ፣ ውሻዋን ቀስቅሶ፣ ቱቦ ገባ፤ ማን ይፈልገው።
ጦይባ ደግሞ ፈራች፤ ኳሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተኛች፤
«አብሽሪ» አሏት፣ «መንገዱን አየች፤ ሌላ ቀን ትሄዳለች።»

የእኔ ተራ ሆነ። የሰጡኝ ኳስ እንጨት ናት።
«ይቺ ምነው?» አልኩ። ያ ደወል ድምፃቸው ዝቅ አለ ያን ሰዓት፦

«ያ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ከተማው በእግሩ ሲወጣ፣
ስምንቱን ኳስ በጆንያ ከሾላው ሥር ቀበርን፤
ስንመለስ በሩም ወንበሩም የለም፤ ቆፈርን፣
ሰባት ወጣ። ለስምንተኛው ሥሩን ሁሉ ተከትለን ማሰን፤
ደምሌ ነበር የቀበረው፤ ደምሌ አልተመለሰም እንዲነግረን።»

ትንሽ ቆዩ።

«ከወይራ ግንድ ጠርበን ተካናት፤
አንድ ጎኗ ከባድ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንላት።
ለአዲስ ሰው የምንሰጠው እሷን ነው።
ከሐረጎ አናት ስታያት፣ ኮምቦልቻ እጅህ ላይ ናት፤
ቀጥ ብለህ ብትወርድ ግን ገደል ነው፤ ዞረህ ነው የምትደርስባት።
ወደማትፈልግበት ስደዳት፤ ወደምትፈልግበት ትመጣለች።»

ካፖርቴን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ።
ከሙሽራይቱ ርቄ፣ ወደ ሾላው አነጣጠርኩ።
ሄደች። ሁሉም ዝም፤ አፈሩ ላይ ሹክሹክታዋ ብቻ፤
ከዚያ እጥፍ አለች፣ ሐረጎን ጨርሶ እንደሚገባ መኪና ኮምቦልቻ።

ግን አልደረሰችም። አንድ ክንድ ከስንዝር ቀራት።
ጋሽ እብሬ ከኪሳቸው ሰማያዊ የፋብሪካ ክር አውጥተው ለኩላት፣
በጥርሳቸው በጠሱ፣ ጣቴ ላይ ጠመጠሙ፦
«ይህ ያንተ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሳጥረኸው ና።»
ሽማግሌዎቹ ኪሳቸውን ዳሰሱ። አንድም የሳቀ የለም።

ቤቴ ስገባ ካፖርቴ የለም፤ እዚያው ሚስማሩ ላይ ቀርቷል።
እጄን ስታጠብ እንኳ አልፈታሁትም ክሩን፤
ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል።